ፍሬቻ ፊት ስትቀመጥ

«አምፖሉ አልሞተም» አለ ራዲዮ ሠሪው፤ ወዲያው የማን ግቢ ውስጥ እንደቆመ ትዝ አለውና ጉሮሮውን ጠረገ። «ማለቴ፣ ደህና ነው።»

ማንም አልተቀየመውም። ለማስተዛዘን ከመጣው ሰው ግማሹ ግቢው ውስጥ ሞተር ሳይክሉን ከቦ ቆሟል። የቀረው ግማሽ ሳሎን ውስጥ በትውስት ወንበሮች ላይ ተቀምጦ፣ ሻይ እየጠጣ ስለዚህች ዓለም ከንቱነት ያወራል፤ በመሐል በመሐሉ ደግሞ አምፖሉ በራ አልበራ እያለ በመስኮት አንገቱን ያሰግጋል። ሐዘንተኛዋ ራሷ ከሞተሩ ጎን በርጩማ ላይ ናት። ጥቁር ቀሚሷን ግራሶ እንዳይነካው ጉልበቷ ላይ ጋዜጣ ዘርግታ፣ የተፈቱትን ብሎኖች በአወጣጣቸው ተራ ትደረድራለች። የባሏ ትምህርት ነው። የስፌት መኪና ሲፈታ ብሎኑ በተራ ካልተደረደረ ሲገጠም አንድ ይተርፋል፤ የተረፈ ብሎን ደግሞ እንቅልፍ ይነሳል።

«ይሄ ለቅሶ ቤት ነው ወይስ ጋራዥ?»

የሟች ታላቅ እህት ናቸው፤ በሩ ላይ ቆመዋል። ከራስ እስከ እግራቸው ጥቁር ለብሰው፣ መሐረባቸውን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ፊሽካ አጥብቀው ይዘዋል። ከጠዋት ጀምሮ አብሯቸው የሚያለቅስ ሰው ሲፈልጉ ነበር፤ ያገኙት ሰው ሁሉ «አንድ ጊዜ መጣሁ» እያለ ወደ ግቢ ይወጣባቸዋል።

«ሰው ምን ይላል?» አሉ።

«ሰውማ እዚሁ ነው ያለው፣ እትዬ» አለች ሐዘንተኛዋ። «ምን እንደሚል ይስሙት።»

ሰው የሚለው «ፊውዙን አይታችሁታል?» ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ከቀብር መልስ ነው። ባሏ የሞተው ከምሳ በኋላ፣ ወንበር ላይ፣ አንድ ጫማውን አውልቆ ሁለተኛውን ላውልቀው ወይስ ይቅር እያለ ሲያስብ ነው። ሐኪሙ «ልብ ነው» አለ። ሞተር ሳይክሉ በዚያ ሰዓት ግቢ ውስጥ እጁን አጣጥፎ ቆሞ ነበር፤ ምስክርም አለው። ልጇ ግን ከሌላ ከተማ ደርሶ ገና በሩን ሲገባ፣ አባቱን የወሰደው እሱ ይመስል፣ ዓይኑን ሞተሩ ላይ ተከለ። አንድ ልጅ ነው። የሚሠራው ኢንሹራንስ ቤት ነው፤ ሥራውም በሰው ላይ ሊደርስ የሚችለውን ክፉ ነገር ሁሉ ከሰውየው በፊት ማሰብ ነው።

እናቱን ሳሎን ጥግ ላይ አግኝቶ አጠገቧ ተቀመጠና እጇን ያዘ።

«እማዬ፣ እኛ ጋ አንድ ክፍል አሰናድተንልሻል። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይገባዋል። ከእንግዲህ ሥራ የለ፣ ሐሳብ የለ፣ ቁጭ ብለሽ ነው የምትጦሪው።»

«ቁጭ ብዬ?»

«ቁጭ ብለሽ።»

አሰበችው። ቁጭ ማለትን እሷ ታውቅበታለች፤ የዕድሜዋን እኩሌታ ቁጭ ብላ ነው ያሳለፈችው። ግን የሚሄድ ነገር ላይ ነው።

«ሞተሩስ?»

«የሚወስደው ሰው አግኝቻለሁ። ለቅሶው ሲያበቃ ፒክአፕ ይዞ ይመጣል።»

«ወስዶ ምን ሊያደርገው ነው?»

«ሊነዳው ነዋ።»

«መንዳትማ እኔም እነዳዋለሁ።»

«እማዬ፣ አንቺ እኮ የምትቀመጪው ከኋላ ነው።»

«ከፊት የነበረው ሰው ሞቷል። ቦታው ባዶ ነው።»

ልጁ ሳቁ ከየት እንደመጣበት ሳያውቅ ዋጠውና ፊቱን ወደ ሥራው መለሰ። «ፍሬቻ እንኳ የለውም» አለ።

«ፍሬቻው እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«እሺ፤ አንቺ ከነዳሽው ፍሬቻ ማን ይሆናል?»

ልጁ የተማረበትን ጠየቀ።

ሰፈሩ ሐዘንተኛዋን የሚጠራት «ፍሬቻ» ብሎ ነው። መታወቂያዋ ላይ ሌላ ስም አለ፤ እሱን የሚያውቁት ባንክ ቤቱና ነፍሷን ይማረውና እናቷ ናቸው። የሞተሩ የመታጠፊያ መብራቶች ከድሮ ጀምሮ አይበሩም። ስለዚህ ባልየው ሲነዳ ሚስትየው ከኋላ ተቀምጣ፣ ግራ ሲታጠፉ ግራ ክንዷን፣ ቀኝ ሲታጠፉ ቀኝ ክንዷን እስከ ጣቷ ጫፍ ዘርግታ ታሳያለች። ዝናብም ሲዘንብ ታሳያለች። እጇ ላይ ዳቦ ካለ በዳቦው ታሳያለች። ሰፈር ደግሞ ጨዋታ አያልፈውም፤ ስም አወጣላት፤ ስሙም ከመብራቱ የበለጠ በራ።

ፊት የተቀመጠ ሰው ግን ክንዱን መዘርጋት አይችልም። ግራ እጁ ፍሪሲዮን ይዟል፣ ቀኝ እጁ ነዳጅና ፍሬን ይዟል። ይህን ፍሬቻ አሳምራ ታውቃለች፤ ምክንያቱም ልጇ ያልሰማው ነገር አለ፤ መንጃ ፈቃድ አላት። ባሏ ከመጋዘኖቹ ጀርባ ባለው ባዶ ሜዳ ላይ አስተምሯት ተፈተነች፤ በመጀመሪያው ወደቀች። የወደቀችው መንዳት አቅቷት አልነበረም። ፈታኙ «ወደ ግራ» ሲላት በልማዷ ግራ ክንዷን ዘረጋች፤ ፍሪሲዮኑ ተለቀቀ፣ ሞተሩ እንደ ፍየል ዘለለና ጠፋ። ፈታኙ «እንዲህ ያለ ግልጽ ምልክት በዕድሜዬ አላየሁም» ብሎ አመስግኖ ጣላት። በሁለተኛው ጊዜ ባሏ ግራ እጇን ከመሪው ጋር በመሐረብ ሊያስርላት ፈልጎ ነበር፤ «እብድ አስመስለህ ልታሳልፈኝ ነው?» ብላ እምቢ አለችውና ሳትታሰር አለፈች።

«ፍሬቻው ቢሠራስ?» አለች ልጇን።

ልጁ ፈገግ አለ። አባቱ ስንት ዘመን ሞክሮ የተወውን ነገር እናቱ በለቅሶ መሐል ትሠራዋለች ብሎ አልጠረጠረም። «ቢሠራማ ምን አከራከረኝ? ሞተሩም ይቀራል፣ አንቺም ትቀሪያለሽ።»

ለቅሶ ቤት ሰው ዓይኑን ይሰብራል እንጂ ጆሮውን አይሰብርም። ይህ ቃል ከሳሎኑ ጥግ ተነሥቶ ሻይ ሳይቀዘቅዝ መንገድ ተሻገረ። በማግስቱ ራዲዮ ሠሪው የመብራት መሞከሪያውን ይዞ መጣ፤ ባለታክሲው የመፍቻ ሣጥኑን ይዞ መጣ፤ ሁለቱም በሩ ላይ ሲደርሱ ዕቃቸውን ከኋላቸው ደብቀው «እግዜር ያጽናሽ» አሉ።

የሰፈሩ መቻኮል ምክንያት ነበረው። ባልየው የስፌት መኪና ጠጋኝ ነበር። ሱቅ አልነበረውም፤ ሱቁ ያ ሞተር ነው። የትም ቤት ገብቶ መኪናዋን ገና ሳያያት የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር፤ «ዘይት ጠጥታለች?» በዚህ የተነሣ ትልቁም ትንሹም «ጋሼ ዘይቱ» ይለው ነበር። ኋላ ላይ ዓይኑ ሲደክም ፈቺዋም ገጣሚዋም ፍሬቻ ሆነች፤ እሱ ከባለቤቶቹ ጋር ማውራቱን ተረከበ። ሁለቱም በየሥራቸው ደስተኞች ነበሩ። ደንበኞቹ ይህን ያውቁ ነበር፤ ለዚህም ነው ለማልቀስ የሚመጡት ልብስ ሰፊዎች ጎንበስ ብለው ጉንጯን ከሳሟት በኋላ ቀና ሳይሉ፣ እዚያው ጆሮዋ ሥር የሚያንሾካሹኩት።

«አይዞሽ፣ ሁላችንም ሂያጅ ነን… መኪናዬ ክር ትበጥሳለች።»

«የታች ነው የላይ?»

«የላይ። እግዜር ያጽናሽ።»

«መርፌዋን ቀይሪና ጠብቂኝ። እመጣለሁ።»

እመጣለሁ ትላለች። በምን እንደምትመጣ ግን ገና አልታወቀም።

ራዲዮ ሠሪው ሥራውን የጀመረው በራዲዮ ሕግ ነው፤ መጀመሪያ የሚቀለውን ጠርጥር። አራቱን አምፖሎች አውጥቶ አንድ በአንድ ከባትሪው ጋር አነካካቸው፤ አራቱም በሩ። ፊውዙን በብርሃን አየው፤ አልተቃጠለም። ባለታክሲው ብልጭታ የምትሰጠውን ትንሿን ሣጥን ነቅሎ ከራሱ ታክሲ ያመጣትን አስገባ። መብራቱ እንዲበራ ከተፈለገ ይህቺ ሣጥን ጠቅ ጠቅ ማለት አለባት። ሁሉም ወደ ሣጥኗ ጆሮውን አዘነበለ፤ ሳሎን ያሉትም ስለ ዓለም ከንቱነት ማውራታቸውን አቆሙ።

ጠቅ አላለችም።

«ታክሲዬ ላይ ስትጮህ ነው የምትውለው» አለ ባለታክሲው አፍሮ። «እንግዳ አይታ ነው።»

ማብሪያ ማጥፊያውን ፍሬቻ ራሷ ፈታችው። ባሏ የስፌት መኪና በሚያጸዳበት አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ውስጡን ፈገፈገችው፤ ከገባበት ቀን ጀምሮ እንዲህ ያለ ንጽሕና አይቶ አያውቅም። ገጠሙት። ምንም። ሽቦውን ከመሪው እስከ ጭራው ድረስ በጣታቸው ዳበሱት፤ የተቆረጠ የለም። የኋላውን የግራ መብራት ከነእግሩ ነቅለው በቀጥታ ከባትሪው ሁለት ጫፍ ጋር ሲያነካኩት ቦግ ይላል፤ ቦታው ላይ መልሰው ሲያስሩት ጭጭ።

«እጅ ላይ ትበራለች፣ ቤቷ ስትገባ ትጠፋለች» አለ ራዲዮ ሠሪው።

«የአማቴ ጠባይ ነው» አለ ባለታክሲው። «ውጪ ሳቂታ ናት።»

የሟች እህት እንደገና በሩ ላይ ብቅ አሉ። ሁሉም ዕቃውን ወደ ኋላው ደበቀ።

«ባትሪው ውሃ አለው?» አሉ።

ሁሉም ቀና ብሎ አያቸው።

«መጠየቅ ነውር ነው?»

«አለው፣ እትዬ» አለች ፍሬቻ።

«እንግዲያው ባትሪው አይደለም» ብለው ተመለሱና ከውስጥ ለቅሷቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ።

ልጁ እስከዚያ ድረስ ወንበር ያመላልስ፣ ብርጭቆ ይሰበስብ ነበር። አልከለከለም፤ አላገዘም። አንድ አንዴ ከሩቅ ቆሞ እናቱን ያያታል። ጥቁር ለብሳ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና ሽቦ ስታይ፣ አባቱ የመርፌ ቀዳዳ ሲያይ የሚያደርገውን ታደርጋለች። ያን ጊዜ ልጁ ብርጭቆዎቹን ይዞ ይገባል።

ሰው ቀለል ባለበት በአንዱ ከሰዓት በኋላ ሠራተኞቹ ሁሉ ወደየቤታቸው ሄዱ። ልጁ ዝርክርክ ነገር አይወድም። የተነቀለችው የኋላ መብራት ሽቦዋን ጎትታ መሬት ላይ መንጋለሏ ከነከነው፤ ሁለተኛ የማትሠራ ከሆነ እንኳ ለሚወስደው ሰው በሥርዓት ታስራ ትሂድ ብሎ ካቻቪቴ አነሣና ቁጢጥ አለ። የመብራቷን እግር ቀዳዳዋ ውስጥ ሊያስገባ ሲታገል ካቻቪቴው አዳልጦት የቀዳዳውን ከንፈር ፋቀው፤ የጥፍር ያህል ቀለም ተልጦ ወደቀ። ከሥሩ ነጩ ብረት ታየ። ልጁ ምላሱን በቁጭት መታና ብሎኑን አጠበቀ።

ራዲዮ ሠሪው ቁልፉን ሳይዘጋ፣ ማብሪያውንም ወደ ግራ እንደገፋው ነበር የሄደው። መብራቷ በራች። ብቻዋን ስለሆነች ፈጠን ፈጠን እያለች፣ እንደቸኮለ ሰው ልብ፣ በራች፣ ጠፋች፣ በራች።

ልጁ ቁልፉን ዘጋ። ግራና ቀኝ አየ። ካቻቪቴውን ኪሱ ከተተና ሳሎን ገብቶ ከሽማግሌዎቹ መሐል ተቀመጠ።

ፍሬቻ ወጥ ቤት መስኮቱ ላይ ብርጭቆ እያጠበች ነበር።

አየች። ብርጭቆውን አለቅልቃ ደፋችው፤ ሌላ አነሣች። ወጥታ «አይቼሃለሁ» ብትለው ነገሩ አለቀ፤ ቃሉን ሰጥቷል፣ ሰው ሰምቷል። ግን በዚህ መንገድ የተረፈ ሞተር ላይ መቀመጥ አላማራትም። ደግሞም ልጁን ታውቀዋለች። የሚዋሸው ሲፈራ ነው፤ የሚፈራው ደግሞ ለእሷ ነው። ስለዚህ ሻይ ቀዳችለት። ስኳር አልጨመረችበትም።

ጠጣው። ሁለተኛ ቀዳችለት፤ እንደገና ያለ ስኳር።

«እማዬ፣ ስኳር…»

«ምነው፣ ጎደለ?»

«የለም፣ ደህና ነው» አለና ፊቱን ሳያኮማትር ጨለጠው። የበደለ ሰው ሻይ አያማርጥም።

አመሻሹ ላይ ሰዉ ተመልሶ መጣ። ራዲዮ ሠሪው መሞከሪያውን አልያዘም ነበር። ፍሬቻ ፊት ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ለሟቹ ያወለቀበት አወላለቅ ነው።

«አቃተኝ» አለ። «የተበላሸ ነገር የለበትም፤ አይሠራም ብቻ። ድሮ አምስት ደቂቃ ስጠኝና ልሥራልህ ስለው ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? 'የእናንተ ፍሬቻ ብልጭ ድርግም ብቻ ነው የምታውቀው፤ የኔዋ ቀስ በል ትላለች' አለኝ። ያኔ እምቢ ማለቱ ውለታ ነበር። ሳላፍር ኖርኩ።»

«እንግዲህ በቃ» አሉ የሟች እህት። ድምፃቸው የለሰለሰው ያን ጊዜ ነው። «ይውሰደው ሰውየው። ሞተሩም ይረፍ፤ አንቺም ከልጅሽ ጋር ሄደሽ እረፊ።»

ፍሬቻ ቀና ብላ ከልጇ ሌላ ሁሉንም አየች።

ዝምታውን ያልቻለው ባለታክሲው ነው። ወጣት ነው፤ ዝምታ ሲበዛ ያልከፈለ ተሳፋሪ ያለ ይመስለዋል።

«እኔ ሁሌ ከኋላቸው ነበርኩ» አለ። «ጠዋት ጠዋት መንገዳችን አንድ ነው። አንድ ቀን ቀጥታ እየሄድን እትዬ ፍሬቻን ንብ መጣችባቸው። ንቧን ሲያባርሩ ቀኝ ክንዳቸው ወጣ። ጋሼ ዘይቱ ሳያቅማሙ ወደ ቀኝ! ወደ ዱቄት ወፍጮው ግቢ! እኔም ተከተልኳቸው።»

«አንተ ለምን?» አለ ራዲዮ ሠሪው።

«እሳቸው ከታጠፉ የሚያውቁት ነገር አለ ብዬ ነዋ። ተሳፋሪዎቼ ሁሉ ወፍጮ ቤት ገቡ። ሁላችንም ዱቄት መሰልን። እትዬ ፍሬቻ ከኋላ ጀርባቸውን ይደበድባሉ፤ 'ንብ ነው! አንተ ሰውዬ፣ ንብ ነው!' እያሉ። ጋሼ ሞተሩን አጠፉና ምን ቢሉ ጥሩ ነው? 'ክንድሽ ወጥቷል። ይሄ ልጅ አይቶ ፍጥነቱን ቀንሶልናል። ከዚያ ወዲያ ቀጥ ብዬ ብሄድ ከኋላዬ ያለውን ሰው መዋሸት አይሆንብኝም?'»

ሳሎኑ በሳቅ ፈረሰ። አንዲት ልብስ ሰፊ የሻይ ብርጭቆዋን ለጎረቤቷ አስይዛ ሳቀች። የሟች እህት መሐረባቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ፤ ትከሻቸው ግን ከዳቸው። ፍሬቻም ሳቀች። እሱ ከሞተ ወዲህ በሙሉ ድምፅዋ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው፤ የሳቋን ድምፅ ስትሰማም ትንሽ ደነገጠች፣ ተወችውና ቀጠለች።

«ከዚያማ» አለች ዓይኗን እየጠረገች፣ «ወፍጮ ቤቱ ውስጥ የጆንያ አፍ የምትሰፋ መኪና ተበላሽታ ተገኘች። ቀኑን ሙሉ እዚያ ዋልን። 'ንቧ ታውቃለች' እያለ ሲያናድደኝ ከረመ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ከዚያ በኋላ የፈለግሁበት ለመሄድ ክንዴን ማውጣት ብቻ ነበር። እህቴ ቤት የደረስነው ስንት ጊዜ መሰላችሁ?»

«ስንት ዘመን የነዳሽው አንቺ ነሻ!» አለ ራዲዮ ሠሪው።

«እሱ ማርሽ ይቀይር ነበር» አለች ፍሬቻ።

ልጁ ከሁሉም ጋር ሲስቅ ነበር። ከዚያ ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቆመ። ብርጭቆውን አስቀመጠ፤ እጁን ኪሱ ከተተና ካቻቪቴውን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ፣ ከስኳሩ አጠገብ አኖረው።

«ቀለም ነው» አለ።

«ምኑ?»

«የተበላሸ ነገር የለም። ቀለሙ ነው። ከሰዓት በኋላ በርቶልኝ ነበር።» እናቱን ቀና ብሎ አያት። «ዘጋሁት።»

«አውቃለሁ» አለች። «ስኳር ልጨምርልህ?»

ወንበሩ ሁሉ ባዶ ቀረ። ግቢው ውስጥ ራዲዮ ሠሪው ተንበርክኮ የተፋቀውን ከንፈር በአውራ ጣቱ ዳሰሰና ግንባሩን ሞተሩ ላይ ደገፈ። መብራቱ ኤሌክትሪኩን በሽቦ ተቀብሎ የሚመልሰው በእግሩ በኩል ነው፤ እግሩ የሞተሩን ባዶ ብረት መንካት አለበት። እዚህ ግን እግሩ የቆመው ቀለም ላይ ነው። መንገዱ ተዘግቷል። አራቱም ላይ እንዲሁ ነው። ሁሉም ሰው ሲፈልግ የኖረው የተበላሸ ነገር ነበር፤ ይህ ደግሞ ከመጠን በላይ የተሠራ ነገር ነው።

«ማነው ግን እዚህ ውስጥ ድረስ የቀባው?» አለ ባለታክሲው። «ማንም የማያየውን ቦታ! ሦስት እጅ ነው የተቀባው።»

ፍሬቻ ልጇን አየችው። ልጁም በዚያው ቅጽበት ትዝ አለው።

ሞተሩ ሲገዛ ጥቁር ነበር። እሷ ደግሞ «በሬሳ ሣጥን ላይ አልቀመጥም» አለች። ባሏ አልተከራከረም፤ ሞተሩን ብሎን በብሎን ፈታውና አንድ ቆርቆሮ ብርቱካናማ ቀለም ገዛ። ልጁ ያኔ ፊደል የቆጠረ ሰሞን ነው፤ ካልቀባሁ ብሎ አለቀሰ። አባቱ አሰበና፣ «ውጪውን እኔ ልያዝ፤ አንተ የማይታየውን ቀባ» አለው፤ ቢበላሽም አይታይም ብሎ ነው። ልጁ ግን ነገሩ ገብቶታል፤ ተናዷል። ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ የየብሎኑን ቀዳዳ፣ የየመያዣውን ከንፈር፣ ጨለማ ውስጥ የሚቀረውን ሁሉ ቀባ፤ ሲደርቅ ደገመ፤ ሲደርቅ ሠለሰ። አባቱ መጨረሻ ላይ ጎንበስ ብሎ ውስጡን አንድ በአንድ አየ። «የማይታየው ከሚታየው በለጠ» አለ። በሚቀጥለው ቀን ሞተሩ ተገጠመ። ፍሬቻው አልበራም። አባትየው አምፖል ለወጠ፣ ሣጥኗን ለወጠ፣ ሽቦ ለወጠ። ያንን ያማረ ሥራ ግን እንዴት ይጠርጥረው?

«እኔ ነኝ ለካ» አለ ልጁ። «ያን ሁሉ ዘመን በዝናብ ክንድሽን ዘርግተሽ…»

«ክንዴን የሰጠኸኝ አንተ ነሃ» አለች። «ስሜንም። በል፣ የብርጭቆ ወረቀቱን አምጣ። የቀባ ነው የሚፍቅ።»

ፋቀ። አራቱንም፣ ለፈተና እንደተቀመጠ ሰው ተጠንቅቆ ፋቀ። ራዲዮ ሠሪው ያስራል፤ ባለታክሲው ያበራለታል፤ የሟች እህት፣ ማን እንዳስያዛቸው ሳይታወቅ፣ በአንድ እጃቸው መሐረብ በሌላው ብሎን ይዘው «ይቺ የየቷ ናት?» እያሉ ይጠይቃሉ። ከዚያ ፍሬቻ ቁልፉን ከፈተችና ማብሪያውን በአውራ ጣቷ ወደ ግራ ገፋችው።

ጠቅ። ጠቅ። ጠቅ።

የፊቱም የኋላውም፣ እኩል፣ ረጋ ብሎ፣ ብርቱካናማ። ግድግዳው ሥር የቆመው ሰው ሁሉ ፊት አንዴ ይበራል፣ አንዴ ይጠፋል። አንዱ ከኋላ፣ ምን እንደሚባል ግራ ገብቶት፣ «ነፍስ ይማር» አለ። «ይማር» አሉ ሌሎቹ በሚቀጥለው ብልጭታ። ማን እንደጀመረው ሳይታወቅ ተጨበጨበ።

«ወንድሜ ይቺን ሳያይ!» አሉ የሟች እህት፤ ከነብሎናቸው ማልቀስ ጀመሩ። አሁን ግን ብቻቸውን አልነበሩም። ራዲዮ ሠሪው አለቀሰ፣ ልብስ ሰፊዎቹ አለቀሱ፣ ባለታክሲው ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። በዚያ ቤት በደንብ የተለቀሰው ያን ዕለት ነው፤ እየሳቁ።

ልጁ ጥግ ይዞ ስልክ ደወለ። ፒክአፕ ያለው ሰውዬ ለምን አትምጣ እንደተባለ የገባው አይመስልም። «ፍሬቻው ሠራ» ይለዋል ልጁ ደጋግሞ። «አዎ፣ ስለሠራ ነው የማንሸጠው።»

ለቅሶው አብቅቶ ወንበሮቹ ሲመለሱ፣ ጠዋቱ ላይ፣ ፍሬቻ ሄልሜቷን አጥልቃ ከቤት ወጣች። የመፍቻ ቦርሳው ትከሻዋ ላይ ነው። ልጁ ሁሉን አረጋግጧል፤ ጎማ፣ ፍሬን፣ የፊት መብራት፤ አሁን ደግሞ ሰማዩን እያረጋገጠ ነው። የሟች እህት የግቢውን በር በሁለት እጃቸው ከፍተው ይዘውታል። «ሰው ምን ይላል» አላሉም። «ቀስ እያልሽ» አሉ።

ኮርቻው ላይ ወጣች፤ ከፊት። ከኋላዋ ያለው ቦታ ሰፊ ሆነባት። ሞተሩን አስነሥታ ቀና ስትል የግራው ስፖኪዮ ውስጥ ያየችው ሰማይና የጎረቤት ጣሪያ ጫፍ ነው። ባሏ ረጅም ነበር። በሁለት ጣቷ ወደ ታች አዘነበለችው፤ አጥሩ ወረደ፣ በሩ ወረደ፣ ልጇ እጁን አፉ ላይ አድርጎ እንደቆመ ወረደ፤ መንገዱ መጣ።

ወደ ቀኙ ዞረች። እሱም ሰማይ ነው የሚያሳየው፤ የስልክ ሽቦና ደመና። ጣቶቿ ስፖኪዮው ላይ አረፉ። ትንሽ ቆዩ። አላዘነበለችውም።

«ያኛውስ፣ እማዬ?» አለ ልጁ።

«እሱ ነገ።»

«ቀኝሽን ሳታዪ እንዴት ነው የምትታጠፊው?»

«ዛሬ በግራ በግራ ብቻ ነው የምሄደው» አለች ፍሬቻ፤ አውራ ጣቷን ማብሪያው ላይ አድርጋ። «በግራ በግራ የሄደ ሰው ዞሮ ቤቱ ነው የሚመጣው።»